ጥርሱን ያመመው ልጅ ጥርሱ ይታይለት፦ ለጤና ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች በጤና ተቋማት የሚያገኙት አገልግሎት እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች የምናሳድግ ወላጆችና ልጆቹን በጤና ጣቢያ፣ በሆስፒታልና በማዕከል የምናይ ባለሙያዎች አንድ ላይ ሆነን ነው። በዚህ ጉዳይ እስካሁን ለመንግሥት የቀረበው ጥያቄ ባብዛኛው አንድ ነው፦ ማዕከል ይሠራልን። ጥያቄው ትክክል ነው። ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከከፈተች ወዲህ ነህምያን የመሰሉ ማዕከላት ቢጨመሩም ወረፋው አላለቀም። እኛ ዛሬ የመጣነው ግን በሌላ ነገር ነው። ልጁ ማዕከል ገባም አልገባም ጥርሱን ያመዋል፣ ጆሮው መግል ይይዛል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ያተኩሰዋል፣ ወድቆ እጁን ይሰበራል። ያኔ የሚሄደው ወደ እናንተ ነው። እዚያ ደጃፍ ላይ የሚሆነውን ነው የምንጽፍላችሁ። የምንጠይቀው ነገር አብዛኛው ሕንፃ አይፈልግም፤ ወረቀት፣ ሥርዓትና አጭር ሥልጠና ይበቃዋል።

«ቁጥራቸው ጥቂት ነው» የሚለውን መልስ ስለለመድነው ከቁጥሩ እንነሣ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. መረጃ ላይ ተመሥርቶ ኦቲዝም ያለበት ከ127 ሰው አንዱ ነው ይላል። በራሳችሁ መስፈርት አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ 25,000፣ የከተማው ደግሞ 40,000 ሰው ያገለግላል። ስታካፍሉት ለገጠሩ 197 ገደማ፣ ለከተማው 315 ገደማ ሰው ይደርሰዋል። 5,000 ሰው የሚያገለግል ጤና ኬላ እንኳ 39 ያህል ይኖሩታል። አሁን ወደ አንዱ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ገብታችሁ «ኦቲዝም የተጻፈበትን ካርድ አውጡልን» በሉ። ስንት እንደሚወጣ ለመገመት ጠንቋይ መሆን አያሻም። የቀሩት የትም አልሄዱም፤ ቤት ውስጥ ናቸው፤ ካልሆነም «የሚጥል በሽታ»፣ «የአእምሮ ዝግመት»፣ «አስቸጋሪ ባሕርይ» በሚል ስም ተመዝግበዋል።

ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ መታየት የነበረበት መቼ ነው? አፉን አልፈታ ሲል። በእኛ አገር ግን ያ ጊዜ የሚያልፈው በምክር ነው፦ «ወንድ ልጅ ይዘገያል»፣ «አባቱም በአራት ዓመቱ ነው አፉን የፈታው»፣ «ስልክ ስለሚያይ ነው»። ምክሩ ከጎረቤት ብቻ ቢመጣ ባልከፋ፤ ከጤና ባለሙያም ይመጣል። ስለዚህ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና ነርሱ በቃላቸው ሊይዟቸው የሚገቡ ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ በ12 ወሩ «ባባ»፣ «ዳዳ» እያለ ድምፅ የማያወጣና በእጁ የማይጠቁም፣ በ16 ወሩ አንድ ቃል የሌለው፣ በ24 ወሩ በራሱ ሁለት ቃል የማያገናኝ፣ በየትኛውም ዕድሜ ይናገር የነበረውን የተወ ልጅ። ከአራቱ አንዱ ከታየ «እስኪ እንጠብቅ» የሚባል ነገር የለም።

ለምርመራው ብዙ አገሮች የሚሠሩበት ኤም-ቻት-አር (የተሻሻለው ኤም-ቻት) የተባለ የ20 ጥያቄ ቅጽ አለ፤ መልሱ አዎ ወይም አይደለም ነው፤ ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ልጆች የተዘጋጀ ነው። እዚህ ላይ ከራሳችን ሥርዓት ጋር የሚጋጭ አንድ ነገር አለ። ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት የሚሰጠው በ15 ወር ነው፤ ለቅጹ አንድ ወር ይቀድማል። ቅጹ በክትባት ቀን ይሞላ የሚሉ ወገኖች ይህን አያስተውሉም። የሚያመቸው በየ6 ወሩ የሚሰጠው ቫይታሚን ኤ ነው፦ አንዴ በ18 ወር፣ አንዴ ደግሞ የትል መድኃኒት በሚጀመርበት በ24 ወር። እናትየዋ ለጠብታው ልጁን ይዛ መጥታለች፤ ሌላ ቀጠሮ አያስፈልግም፤ 20ው ጥያቄ የ10 ደቂቃ ሥራ ነው።

ቅጹ ሲሞላ በተደጋጋሚ የሚበላሸው ነጥብ አሰጣጡ ላይ ነው። በ17ቱ ጥያቄዎች «አይደለም» የሚለው መልስ ነው አንድ ነጥብ የሚያስይዘው። በ2ኛው፣ በ5ኛውና በ12ኛው ግን ይገለበጣል፤ ነጥብ የሚያስይዘው «አዎ» ነው። 2ኛው «ልጁ አይሰማ ይሆን ብለው ያውቃሉ?»፣ 5ኛው ጣቶቹን ዓይኑ አጠገብ ለየት ባለ መንገድ ማንቀሳቀሱን፣ 12ኛው በቤት ውስጥ ድምፅ መረበሹን ይጠይቃል። ይህን ያልተነገረው ነርስ ሦስት ነጥብ ይስታል፤ በሦስት ነጥብ ደግሞ አንድ ልጅ ከ«ደህና ነው» ወደ «ይታይ» ይሻገራል። እስከ 2 ድረስ ስጋቱ ዝቅተኛ ነው፤ ልጁ 2 ዓመት ካልሞላው ግን ከሞላው በኋላ ቅጹ እንደገና ይሞላል። ከ3 እስከ 7 ከሆነ ነጥብ በተያዘባቸው ጥያቄዎች ላይ ብቻ ዝርዝር ቃለ መጠይቅ ይደረጋል፤ ከዚያም በኋላ 2 እና ከዚያ በላይ ከቀረ ወደ ሆስፒታል ይላካል። 8 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ያለ ተጨማሪ ጥያቄ ይላካል። ሌላው ችግር የጥያቄው አነጋገር ነው። ልጁ የማስመሰል ጨዋታ ይጫወት እንደሆነ ስትጠይቁ የአሻንጉሊት ስልክ አትጥሩ፤ በባዶ ሲኒ ቡና ይቀዳል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። አሻንጉሊት ስልክ በሌለበት ቤት «አይደለም» የሚለው መልስ ስለ ልጁ ምንም አይነግራችሁም።

ከዚያ ጆሮ። ኦቲዝም የሚል ቃል ካርዱ ላይ ከመጻፉ በፊት የመስማት ምርመራ መደረግ አለበት፤ እኛ ያየነው ምርመራ ግን ብዙውን ጊዜ ነርሱ ከልጁ ጀርባ ቆሞ ማጨብጨቡ ነው። ይህ ምርመራ አይባልም። ስሙ ሲጠራ ዞር የማይል ልጅ ሌላ ክፍል ውስጥ የከረሜላ ልጣጭ ሲንኮሻኮሽ ሮጦ ይመጣል፤ መስማቱን በዚህ መጠርጠር ይቻላል፤ ማረጋገጥ ግን አይቻልም። ድምፅ ሲሰማ ቁልፍ እንዲጫን የሚጠየቅበት መሣሪያም ለዚህ ልጅ አይሆንም፤ የተባለውን አያደርግምና። የሚሆነው ልጁ ተኝቶ ሳለ የመስማት ነርቩን ምላሽ በመሣሪያ የሚመዘግበው ምርመራ ነው። ያ መሣሪያ የትኛው ሆስፒታል እንዳለና በየትኛው ቀን እንደሚሠራ ለጤና ጣቢያዎች አንድ ገጽ ዝርዝር ላኩ። ዛሬ ወላጅ ይህን የሚያውቀው ከሌላ ወላጅ ነው።

አሁን ወደ ደጃፉ እንምጣ። ልጁ ድምፅ ሲበዛ ጆሮውን የሚደፍን፣ ሲነካ የሚጮህ ነው እንበል። የመጀመሪያው ፈተና በር ላይ ያለው ፍተሻ ነው፤ የማያውቀው ሰው ሰውነቱን ይዳብሳል። ሁለተኛው ካርድ ክፍል ነው፤ ግፊያ፣ በመስኮት የሚጠራ ስም። ሦስተኛው መጠበቂያው ነው። ለሁሉም ታካሚ «በ2 ሰዓት ይምጡ» ይባላል፤ ሐኪሙ ዎርድ ጎብኝቶ 4 ሰዓት ላይ ይገባል፤ ልጁ 6 ሰዓት ላይ ይደርሰዋል። አራት ሰዓት ሙሉ የጮኸ ልጅ ሐኪሙ ፊት ሲቀርብ የሚታየው ሕመሙ አይደለም፤ መጠበቁ ነው። ካርዱ ላይ የሚጻፈውም «አይተባበርም» የሚል ይሆናል፤ ቀጥሎ ለ«አለመተባበሩ» መድኃኒት ይታዘዛል። እናትየዋም በመሐል «እናት፣ ልጁን ዝም አስብይ እንጂ» ተብላለች፤ «ስድ አድርገሽ አሳድገሽው ነው» ያላትም አይጠፋም።

መፍትሔው ገንዘብ አይፈልግም። ለእነዚህ ልጆች በሳምንት ሁለት ጠዋት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀጠሮዎች ያዙላቸው። ከዕለቱ በፊት ካርዱ ወጥቶ ክፍሉ ይድረስ። ጥበቃው ፍተሻውን በእናቲቱ ቦርሳ ላይ ያድርግ፤ ልጁን ካልነካ አይሆንም ከተባለ እናቱ ትዳብሰው፣ ጥበቃው ይይ። ቤተሰቡ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ይቀመጥ፤ ተራው ሲደርስ በስልክ ይጠራ። እንዲህ የተደረገባቸው ክፍሎች አሉ፤ ያደረጉትም አንዲት ነርስ ስለፈለገች ብቻ ነው። እሷ ስትዛወር አሠራሩ አብሯት ይሄዳል። በመመሪያ ይጻፍ የምንለው ለዚህ ነው።

ካርዱ ላይ የሚለጠፍ አንድ ገጽም እንጠይቃለን። ስድስት መስመር ይበቃዋል፦ «አዎ» እና «አይ» የሚለው እንዴት ነው፤ ሲያመው ምን ያደርጋል (አገጩን ይመታል፣ ሸሚዙን ያኝካል፣ ጥግ ይይዛል)፤ ምን ያስደነግጠዋል፤ ምን ያረጋጋዋል፤ የሚወስደው መድኃኒት በሚሊግራም፣ ከክብደቱና ከተመዘነበት ቀን ጋር፤ ባለፈው ጊዜ ደም የተቀዳለት በየትኛው እጅ፣ በምን ዘዴ ነበር። የመጨረሻው መስመር ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ያለ እሱ እያንዳንዱ ላቦራቶሪ ከዜሮ ይጀምራል። ካርድ መጥፋቱ ስለማይቀር ወላጅ ገጹን በስልኩ ፎቶ ያንሣ።

ሚዛን ላይ አልወጣም ላለ ልጅ ትግል አያስፈልግም፦ እናቱ አቅፋው ትመዘን፣ ቀጥላ ብቻዋን ትመዘን፣ ይቀነስ። የሙቀት መለኪያውን፣ ማዳመጫውን፣ የደም ግፊቱን መጀመሪያ እናቱ ላይ አሳዩት። «መጀመሪያ ሆድ፣ ቀጥሎ ብስኩት» ዓይነት አጭር ቃል ተናገሩና ዝም ብላችሁ እስከ 10 ቁጠሩ፤ የልጁ ጆሮ ቃሉን ይዞ እስኪያደርስ ጊዜ ይፈልጋል። እኛ ግን መልስ ስናጣ ጥያቄውን በሌላ ቃል እንደግመዋለን፤ ለእሱ ያ ሁለተኛ ጥያቄ ነው። ደም መቅዳት የመጨረሻው ሥራ ይሁን፤ መጀመሪያ ከሆነ ቀሪው ምርመራ አይኖርም። የሚያደነዝዝ ቅባት ካለ ከ1 ሰዓት በፊት ተቀብቶ በፕላስቲክ ይሸፈን፤ ቅባቱ ከተቀባ በ10 ደቂቃ መርፌ መውጋት ቅባቱን ማባከን ነው። የሚፈለገው ምርመራ ሁሉ ተሰብስቦ በአንድ መርፌ ይቀዳ። አራት ሰው ልጁን አልጋ ላይ ሲጫን ዛሬ ደሙ ይገኝ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ግን ነጭ ጋዋን ያየ ልጅ ታክሲ ውስጥም አይገባም።

ጥርስ ላይ ቆም እንበል፤ ከሁሉ የባሰው እዚህ ነው። ልጁ በድንገት ራሱን መምታት፣ መንከስ፣ ሌሊት አለመተኛት ከጀመረ ይህ «ኦቲዝሙ ባሰበት» ማለት አይደለም። ኦቲዝም በአንድ ሳምንት አይብስም። የሚያመው ነገር አለ ማለት ነው፤ የሚፈተሸውም በቅደም ተከተል ነው፦ አፍና ጥርስ፣ ጆሮ፣ ጉሮሮ፣ ሆድ (ድርቀት በእነዚህ ልጆች ዘንድ በጣም የተለመደ ነው፤ ስንት ቀን ሳይወጣ እንደቆየ ጠይቁ)፣ ሽንት፣ እጅና እግር ላይ እብጠት ወይም ስብራት፣ በመጨረሻ በቅርቡ የተጀመረ ወይም የተለወጠ መድኃኒት። አፈር ወይም የግድግዳ ቀለም የሚበላ ከሆነ የደም ማነሱ ይታይ። ይህ ሁሉ ሳይታይ ማረጋጊያ መስጠት ሕመሙን ዝም ማሰኘት ነው፤ የበሰበሰው ጥርስ እዚያው አለ።

የጥርስ ክፍል ግን «አይተባበርም» ብሎ ይመልሰዋል። ሙሉ ሰመመን ያስፈልገዋል ሲባል ቀጠሮው ወራት ይወስዳል፤ ያ ቀን ሲደርስ ደግሞ በቀላሉ ይበላሻል። የሚበላሽበት መንገድ የታወቀ ነው። ከሰመመን በፊት ምግብ ለ6 ሰዓት፣ ውኃ ለ2 ሰዓት መቋረጥ አለበት። ልጁ ዝርዝሩ ላይ አምስተኛ ከሆነ ሌሊቱንና ግማሽ ቀን ሙሉ ተርቦ፣ ለምን እንደተራበ ሳይገባው ይጠብቃል። በመጨረሻ ከአንዱ አስታማሚ እጅ ዳቦ ነጥቆ ይበላል፤ ቀዶ ሕክምናው ይሰረዛል፤ ቤተሰቡ ለሌላ ወራት ይመለሳል። ስለዚህ ይህ ልጅ የዕለቱ አንደኛ ይሁን። እንቅልፍ እስኪወስደው እናቱ አጠገቡ ትሁን፤ ሲነቃም መጀመሪያ የሚያየው ፊት የእሷ ይሁን። ደግሞም አንዴ ከተኛ ሥራው ሁሉ ይሠራ፦ የሚነቀለው ይነቀል፣ የሚሞላው ይሞላ፣ ጆሮው ይታይ፣ ኩክ ካለ ይጽዳ፣ ደም ይቀዳ፣ ጥፍሩም ይቆረጥ። በጥፍር መቁረጡ የሚሥቅ ሰው ካለ፣ ጥፍር በቤት ለመቁረጥ ሦስት ሰው የሚያስፈልግበት ልጅ መኖሩን ይወቅ። ይህን ለማቀናጀት የሚያስፈልገው ከሳምንት በፊት በሰመመን ሰጪው፣ በጥርስ ሐኪሙ፣ በጆሮ ሐኪሙና በላቦራቶሪው መካከል የሚደረግ አንድ የስልክ ጥሪ ነው። የማን ሥራ እንደሆነ ስላልተጻፈ ማንም አይደውልም።

መድኃኒትን በተመለከተ ግልጽ እንሁን፦ ኦቲዝምን የሚያድን መድኃኒት የለም። ሪስፐሪዶን የሚረዳው ለከባድ ቁጣ፣ ራስን ለመጉዳትና ሌላውን ለመምታት ነው፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2006 እ.ኤ.አ. ከ5 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች የፈቀደውም ለዚሁ ነው። ክብደቱ ከ20 ኪሎ በታች የሆነ ልጅ የሚጀምረው በቀን በ0.25 ሚሊግራም ነው። ፋርማሲው ውስጥ ያለው ባለ 2 ሚሊግራም እንክብል ብቻ ሲሆን ምን ይሆናል? እናትየዋ እንክብሉን በምላጭ ለስምንት ትከፍለዋለች። አንዱ ቁራጭ ትልቅ ይሆናል፣ አንዱ ዱቄት ሆኖ ጠረጴዛ ላይ ይቀራል፤ ልጁ ሰኞ ይደነዝዛል፣ ማክሰኞ ይጮኻል፤ «መድኃኒቱ አልተስማማውም» ተብሎ ይቋረጣል። ስለዚህ ባለ 1 ሚሊግራሙ እንክብልና ፈሳሹ ሪስፐሪዶን ከነመለኪያ ስሪንጁ የሕፃናት የአእምሮ ሕክምና ባለበት ሆስፒታል ሁሉ ይኑር። መድኃኒቱን የጀመረ ልጅ በየወሩ ይመዘን፤ የምግብ ፍላጎቱ ይጨምራልና። የደም ስኳሩም ሲጀምርና በ3ኛው ወር ይታይ።

ሪስፐሪዶን ሲጠፋ የሚታዘዘው ሃሎፔሪዶል ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንገት ሊጠመዝዝ፣ ዓይን ወደ ላይ ሊሰቅል፣ ምላስን ሊያወጣ ይችላል። ይህ አስቀድሞ ያልተነገረው ቤተሰብ የሚያየው ልክፍት ነው፤ ወዲያው ወደ ጸበል ይወሰዳል፣ መድኃኒቱም ሐኪሙም እምነት ያጣሉ። ማዘዣውን የጻፈው ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨምር ይበቃ ነበር፦ «አንገቱ ወይም ዓይኑ ከዞረ መድኃኒቱን አትስጡት፤ በዚያው ሰዓት ይዛችሁት ኑ፤ የሚመልሰው መርፌ አለ።»

ሌላው ወጥመድ ፌኖባርቢታል ነው። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ብዙዎቹ የሚጥል በሽታም አለባቸው፤ ጤና ጣቢያ ላይ የሚገኘውም ርካሹ ፌኖባርቢታል ነው። ልጆችን ግን ሊያቅበጠብጥና ሊያስቆጣ ይችላል። ልጁ ይቅበጠበጣል፣ ለዚያ ሃሎፔሪዶል ይጨመራል፣ ለሃሎፔሪዶሉ ጣጣ ሦስተኛ መድኃኒት ይጨመራል። ሦስት መድኃኒት የሚወስድ የስድስት ዓመት ልጅ ካርድ ላይ ወደ ኋላ ስትገልጡ መነሻው ይኸው ሆኖ ታገኙታላችሁ። መጀመሪያ መታየት ያለበት የሚጥሉን መድኃኒት በሌላ መተካት ነው፤ ያውም ቀስ በቀስ፤ በአንድ ጊዜ ከተቋረጠ የማያቆም መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል።

ጸበልን ካነሣን አይቀር፦ ቤተሰብ ወደ ጸበል ወይም ወደ ዱዓ መሄዱን መንቀፍ ሕክምና አይደለም፤ የሚያተርፈው ቤተሰቡ እንዲደብቃችሁ ማድረግ ብቻ ነው። የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ የሚጥል መድኃኒቱ እዚያም አይቋረጥ። ይህን ከአጥማቂዎችና ከሃይማኖት አባቶች ጋር ተነጋግሮ መስማማት የሚኒስቴሩ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ባለሙያ ብቻውን ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ከሚከራከር ይሻላል።

ለአሳዳጊዎች የሚሰጥ ሥልጠና አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ በኢትዮጵያም የተሞከረው የአሳዳጊዎች ክህሎት ሥልጠና ዕድሜያቸው ከ2 እስከ 9 ዓመት ለሆነ ልጆች ወላጆች ሲሆን፣ 9 የቡድን ስብሰባና 3 የቤት ጉብኝት አለው። አሠልጣኙ ስፔሻሊስት መሆን የለበትም፤ ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው። የሚከሽፈው በይዘቱ አይደለም። እናትየዋ ልጁን ማን ላይ ጥላ ትምጣ? ይዛው ብትመጣስ ማን ይይዘዋል? ስለዚህ ከሥልጠናው ክፍል አጠገብ ልጆቹን የሚይዙ ሁለት ሰዎች ያሉበት ክፍልና የታክሲ ገንዘብ ካልታሰበ በአራተኛው ስብሰባ ግማሹ ወንበር ባዶ ይሆናል። ከስብሰባዎቹ ሁለቱ ቅዳሜ ይሁኑ፤ አባቶች እንዲመጡ።

በአዲስ አበባ ሁለት ክሊኒኮች 102 አሳዳጊዎች የተጠየቁበት፣ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ነበር። 74.5 በመቶው ለልጃቸው ያላገኙት ትምህርት እንደሆነ፣ 47.1 በመቶው ደግሞ የባለሙያ ሕክምና እንደሆነ ተናግረዋል። ልብ በሉ፤ የተጠየቁት ክሊኒክ ደርሰው የተቀመጡት ናቸው። ትምህርቱን ለትምህርት ሚኒስቴር እንተወው፤ አንድ ነገር ብቻ ከእናንተ ይፈለጋል። ትምህርት ቤት የሐኪም ወረቀት ሲጠይቅ አንዱ ሆስፒታል «የአእምሮ ዘገምተኛ»፣ ሌላው «ጤነኛ ነው»፣ ሦስተኛው በማይነበብ ጽሑፍ አንድ መስመር ይጽፋል። አንድ ወጥ ቅጽ ይዘጋጅ፦ የምርመራው ውጤት፣ ልጁ በምን በምን እርዳታ እንደሚያስፈልገው፣ ደግሞ የሚታይበት ቀን። «ዘገምተኛ» የሚለው ቃል ከቅጹ ይውጣ።

የጤና መድን ጉዳይ አጭር ነው። በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የታቀፈ ቤተሰብ በሪፈር ካልሄደ ከኪሱ ይከፍላል። ኦቲዝም ዕድሜ ልክ አብሮ የሚኖር ሆኖ ሳለ የሪፈር ወረቀት በየጊዜው እንደ አዲስ ማጻፍ አንድ የሥራ ቀን ይበላል። ለእነዚህ ልጆች ሪፈሩ ለአንድ ዓመት የጸና ይሁን። የንግግር ሕክምና፣ የመስማት ምርመራና በሰመመን የሚደረግ የጥርስ ሕክምና መድኑ በሚሸፍናቸው አገልግሎቶች ውስጥ መካተታቸው በግልጽ ይጻፍ፤ መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ በግምት እንዳይወስን። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኦኩፔሽናል ቴራፒስቶችን (ልጁ መልበስን፣ መብላትንና የመሳሰለውን የዕለት ተዕለት ሥራ በልምምድ እንዲችል የሚረዱ ባለሙያዎችን) ማሠልጠን ጀምሯል፤ ተመራቂዎቹ የሚቀጠሩበት መደብ በሆስፒታሎች መዋቅር ውስጥ ካልተከፈተ ባለሙያ የለም እያልን ባለሙያ እንበትናለን።

ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የሚመለከት አንድ ሒሳብ ጨምረን እንለፍ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለልዩና አሳሳቢ ጉዳይ ያለ ክፍያ እስከ 5 ተከታታይ ቀን፣ በበጀት ዓመቱ ሁለት ጊዜ ብቻ ፈቃድ ይሰጣል። በድምሩ 10 ቀን። የወላጅ ሥልጠናው ብቻ 9 ቀን ነው፤ ወርኃዊ ክትትሉ 12 ቀን ነው፤ ጥርሱ፣ ጆሮው፣ ትኩሳቱ ገና አልተቆጠረም። ደግሞም ፈቃዱ «ተከታታይ» ነው፤ የእኛ ቀኖች የተበታተኑ ናቸው። እናቶች ሥራ የሚለቁት በዚህ ነው፤ ልጁን ስለማይችሉት አይደለም።

ሁለት ነገር ሳንነካ ማለፍ አንችልም። ሴት ልጆች ዘግይተው ይለያሉ፤ ዝምታቸው ጨዋነት ይመስላልና። ለወር አበባቸው ዝግጅቱ በ9 ዓመት ገደማ በሥዕልና በልምምድ መጀመር አለበት፤ ሰውነቷን ማን ሊነካ እንደሚችልና እንደማይችል የምትማረውም ያን ጊዜ ነው። ሁለተኛው 18 ዓመት ነው። በዚያ ልደት ማግስት የሕፃናት ክፍል በሩን ይዘጋል፤ የአዋቂዎቹ ክፍል ደግሞ የማይናገር የ18 ዓመት ወጣትን የሚያስተናግድበት መንገድ የለውም። ቢያንስ አንድ ዓመት ሁለቱ ክፍሎች አብረው ይዩት፤ ያችም ባለ ስድስት መስመር ገጽ አብራው ትሻገር።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን ለአካልና ለአእምሮ ጉዳተኞች እንክብካቤ እንደሚያደርግ ይናገራል፤ አገራችን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትንም በ2010 እ.ኤ.አ. አጽድቃለች። «አቅም በፈቀደ መጠን» የሚለውን እናውቀዋለን። ከላይ የዘረዘርነውን የመረጥነውም አቅሙ እንዳለ አይተን ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው መጀመሪያ እርምጃ ይህ ነው፦ ሁለት ጤና ጣቢያና አንድ ሆስፒታል ምረጡ፤ ለ6 ወር ሞክሩት። አራት ነገር ብቻ ቁጠሩ። በ18ና በ24 ወር ቅጹ የተሞላላቸው ልጆች ስንት ናቸው? ከጥርጣሬ እስከ መስማት ምርመራ ስንት ቀን ፈጀ? «አይተባበርም» ተብሎ ጥርሱ ሳይታይ የተመለሰ ስንት ነው? የታዘዘው መድኃኒት በትክክለኛው መጠን ያልተገኘበት ቀን ስንት ነው? ቅጾቹን ለማዘጋጀት፣ ጥበቃዎችንና የካርድ ክፍል ሠራተኞችን ለማሠልጠን ከመካከላችን ፈቃደኞች አሉ፤ ክፍያ አንጠይቅም። የተመረጡትን ተቋማትና ጉዳዩን የሚይዘውን የሥራ ክፍል በጽሑፍ እንድታሳውቁን እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር

ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች የምናሳድግ ወላጆችና የምናክም ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት
ለትምህርት ሚኒስቴር
ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር
ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር